ዌዘርዴል የተባለው ብርቅ ስም እንዳይጠፋ ስለተደረገልን እንክብካቤ

ደን ሃግ ለሚገኘው የቤተሰብ ስሞች ቢሮ፣
ለተከበሩት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ከነመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እንዲሆንልዎ፣ በተለይም መንጋጋዎ በሁለቱም ወገን እንዲያኝክልዎ፣ ክንድዎም ያለ ብሎን ከፍ ዝቅ እንዲልልዎ ከልብ እመኛለሁ። እንዲህ ያለ ምኞት ከምን እንደመጣ ከዚህ በታች ይረዱታል።

ደብዳቤውን በአማርኛ መጻፌ በንቀት እንዳይታይብኝ። በደች አራት ጊዜ ጽፌልዎ አራት ጊዜ የመዝገብ ቁጥር ተልኮልኛል፤ ቁጥሮቹን በክብር አስቀምጫቸዋለሁ። ይህንን ግን በቤተ ክርስቲያናችን መጽሔት ያወጣሁት የአገሬ ሰዎች እንዲያነቡት ነው። እርስዎ ማንበብ ከፈለጉ አስተርጓሚ ይያዙ፤ ሁልጊዜ እኛን እንደሚመክሩን ዘመድ ሳይሆን የምስክር ወረቀት ያለው ሰው ቢሆን ይመረጣል።

ነገሩ ለማያውቅ አንባቢ ይህ ነው። እህቴ ብዙወርቅ ጥሩነህ ራይስዋይክ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። የሮተርዳም ወደብ ሠራተኛ የሆነ እንግሊዛዊ አግብታ ዘጠኝ ዓመት ኖራ ተፋታለች። ልጃቸው ሊና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ በመዝገብ ሊና ዌዘርዴል ትባላለች። ይህ ስም ተነሥቶላት ጥሩነህ በሚለው የእናቷ ስም እንድትጠራ አመለከትን። ክቡርነትዎ ጥያቄውን ውድቅ አድርገው ሲያበቁ፣ ሐዘናችንን ለማቅለል አስበው ይመስለኛል፣ የዌዘርዴልን ስም ምንጭ፣ ትርጉምና ስርጭት የሚያብራራ አንድ ገጽ አባሪ አደረጉልን። እኔ በአዲስ አበባ የተማርኩ፣ አምስተርዳም ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁ መሐንዲስ ነኝ፤ ስህተት ያለበት ወረቀት ሳላርም ማለፍ አልችልም። ስለዚህ ገጹን አርሜዋለሁ።

፩. ስለ ምንጩ። ስሙ በሰሜን እንግሊዝ ከነበረች፣ ዛሬ ግን ከጠፋች አንዲት መንደር እንደመጣ ጽፈዋል። ለድካምዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ወደ እኛ ቤት የመጣው ግን በእኔ በኩል ነው። ሊና የተወለደች ሰሞን አባትየው ሦስት ቀን ቤቱ አልገባም ነበርና ብዙወርቅን ወደ ሮተርዳም ማዘጋጃ ቤት ይዣት የሄድኩት እኔ ነኝ። መስኮቱ ፊት ቆመን «አድምዬ፣ በኔ ትመዝገብ፤ ይህ ሰውዬ አያስተማምንም» አለችኝ። የተማርኩት ታላቅ ወንድሟ ደግሞ «ልጅ የምትጠራው በአባቷ ነው፤ አባት የሌላት ልታስመስያት ነው? ዝም በይ አሁን» ብዬ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለጸሐፊዋ ቆጠርኩላት። በእኛ ልማድ ሚስት የባሏን ስም አትሸከምም፤ የልጅ ልጅም በራሱ አባት ስለሚጠራ አንድ ስም ቤተሰብን ለዘላለም አይገዛም። ይህም እንዲሁ በጊዜው የሚያልፍ፣ የማይጎዳ ነገር መስሎኝ ነበር። ስለዚህ በሚቀጥለው እትምዎ «ምንጭ» በሚለው ሥር የጠፋችውን መንደር ሰርዘው አድማሴ ጥሩነህን ቢያስገቡ ትክክል ይሆናል።

፪. ስለ ትርጉሙ። «የሙክት በጎች ሸለቆ» ማለት እንደሆነና «ሰላማዊውን የገጠር ኑሮ እንደሚያስታውስ» ገልጸዋል። ድንቅ ነው። የሰላሙን ዓይነት ላስረዳዎ። ልጅቷ አራት ዓመቷ ሳለ፣ ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ የእህቴን መንጋጋ በልብስ መተኮሻ ካውያ መታው። ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ስድስት ሳምንት ምግቧን በመምጠጫ ጠጣች። ልጅቷ ስምንት ዓመት ሲሆናት እናቷን ልትከልል መሃል ብትገባ፣ የመታጠቢያ ቤቱን በር ክንዷ ላይ ሁለት ጊዜ ዘጋው። ሁለት ጊዜ መሆኑን የማነሣው ጠበቃው የመጀመሪያው በስህተት ነው ብሎ ስለተከራከረ ነው። በዚያ ክንድ ውስጥ ዛሬ አራት ብሎኖች አሉ። ፍርድ ቤት አሥራ አራት ወር አሰረው፤ ወደ እናትና ልጅ እንዳይጠጋም አዘዘ። ክቡርነትዎ ግን በውሳኔዎ «በወላጆች መካከል የነበረ ውጥረት» ብለው አሳጥረውታል። የአገሩን ቋንቋ ዛሬም እየተማርኩ ነኝና፣ አጥንት ሲሰበር ውጥረት እንደሚባል ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ።

፫. ስለ ስርጭቱ። «በኔዘርላንድ ስሙን የያዙት ሁለት ሰዎች ብቻ በመሆናቸው መጥፋቱ ያሳዝናል» ብለዋል። ሁለቱንም አውቃቸዋለሁ። አንደኛው መቺ ነው፤ ሁለተኛዋ ተመቺ።

ሰውየው ከእስር ሲወጣ እናትና ልጅ ከሮተርዳም ወደ ደን ሃግ ተሻግረው፣ ስኪልደርስዋይክ ውስጥ ማንም የማያውቀው ቤት ገብተው ነበር። ሊና ዋና ትወዳለችና እዚያው ክለብ ገባች። አንድ ቀን ክለቡ የውድድሩን ውጤት በድረ ገጹ አወጣው፤ ዌዘርዴል ሦስተኛ። ያንሰን ብትባል ኖሮ ሰውየው እስከ ዛሬ በሺህ ያንሰኖች መካከል ሲኳትን በኖረ ነበር። ይህን ስም በስልኩ የፈለገ ሰው ግን የሚያገኘው ራሱንና እሷን ብቻ ነው። በሳምንቱ ቅዳሜ ገንዳው ደጃፍ ጠበቃት። እርጥብ ፀጉሯን በእጁ ጠቅልሎ ወደ መንገድ ጎተታት፤ ስትንፈራገጥበት ፊቷን ከበሩ ብረት ጋር አጋጨው። ሁለት የፊት ጥርሶቿ ረገፉ።

እኔ በየቅዳሜው ከምኖርበት ከዲመን እየመጣሁ የማያት አጎቷ ያን ጊዜ ብስክሌቴን ልቆልፍ ጎንበስ ብዬ ነበር። በእጄ በነበረው ሰንሰለት ትከሻውን መታሁት፤ ጉልበቱን ደገምኩት፤ ከወደቀም በኋላ ጀርባውን አንዴ ጨመርኩለት። ሦስተኛው አላስፈላጊ እንደነበር ዳኛዋ ነግረውኛል፤ ልክ ናቸው። ለእሱ ሦስት ወር፣ ለእኔ አርባ ሰዓት የቅጣት ሥራ ተፈረደ፤ እኔም በመናፈሻ ቅጠል ጠርጌ ጨርሻለሁ። እርስዎ ግን «ኃይል የተጠቀሙት ሁለቱም ወገኖች ናቸው» ብለው የእኔን ሰንሰለት ከልጅቷ ጥርስ ጋር አመዛዘኑና ፍርዱን በእሷ ላይ ጣሉት። ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ስሙን እኔ ልሸከመው። አድማሴ ዌዘርዴል ልባል ዝግጁ ነኝ፤ ፊርማም ተለማምጃለሁ። ብርቁ ስም በሕይወት ይኖራል፤ የሚያሳዝንዎም ነገር አይኖርም።

የጥርስ ሐኪሙ ቤት ሳለን ሊና ጥጥ ነክሳ «አጎቴ፣ አንተ ነህ አይደል ያስጻፍከው? እማ ነገረችኝ» አለችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። «ግዎን አስፍቀዋ!» አለች፤ ግዎን እዚህ ያደጉ ልጆች ዝም ብለህ አድርገው ለማለት የሚጠቀሙበት ቃል ነው። አንቱታ አታውቅም፤ በዚያች ሰዓት አንቱ ብትለኝ ኖሮም ይበልጥ ያመኝ ነበር። ዝም ብሎ የሚሆን መስሏታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ገንዳ አልገባችም፤ በትምህርት ቤት መልመጃዋ ላይም ስሟን አትጽፍም። መምህሯ ወረቀቱ የማን እንደሆነ ስለማያውቁ ዜሮ ይሰጧታል። ከዜሮውና ከስሙ ዜሮውን መርጣለች።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ በነሐሴ ትምህርት ሲከፈት የክፍሉ ተማሪዎች ዝርዝር ከመውጣቱ በፊት ያችን ልጅ ከዚህ ስም ያውጡልኝ። ስለ ሙክቶቹ ከዚህ በላይ ማወቅ አልሻም።

ሁለት ሰዎች ለሚይዙት ስም ይህን ያህል የተጨነቀ ልብዎ ከሁለቱ ለአንዷ ደግሞ ጥቂት እንዲተርፍለት እየተመኘሁ፣ ለወረቀትዎ ንጽሕና፣ ለማኅተምዎ ክብነትና ለትዕግሥትዎ ርዝማኔ ያለኝን አክብሮት ከወገቤ ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ።

አድማሴ ጥሩነህ
ዲመን

ማስታወሻ፦ ጉዳዩ ለሚመለከታቸው ሁሉ ግልባጭ ለመላክ ያሳዩትን ትጋት ሳላመሰግን ብቀር ነውር ነው። የውሳኔው ግልባጭ የእህቴ አድራሻ ከነቤት ቁጥሩ ታትሞበት ለአባትየውም ደርሶታል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በሩን በመዶሻ አፍርሶ ገባ። እህቴ ሥራ ላይ ነበረች፤ ሊና በረንዳ ተሻግራ ጎረቤታቸው አቶ ጸጋይ ቤት ገብታ ተርፋለች። አሁን የት እንዳሉ ለእርስዎ አልነግርዎትም። መልስ ካለዎት ወደ ስኪልደርስዋይኩ ቤት ይላኩ። ከበሩ የቀረው ግማሽ የደብዳቤ ማስገቢያው ያለበት ነው፤ ሰውየውም እስካሁን አልተያዘምና ተመልሶ ያነብልዎታል።