ቦዩን ትተው ቪዲዮውን ሊከድኑ ለደከሙት ክቡር ኃላፊ

ለከተማችን መልካም ገጽታ ሌት ተቀን ለሚተጉት፣ ስምዎን ብጽፍ ግን ስም አጠፋሽ እንዳልባል በማዕረግዎ ብቻ ለማልፍዎት ክቡር የኮሙኒኬሽን ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ በተለይም ዳሌዎ ደህና እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ፤ እኛ የደሴ ሆጤ ሰፈር ሰዎች ዳሌ ምን ያህል ውድ ነገር እንደሆነ በቅርቡ ተምረናልና። ጎረቤታችን እማማ ገበያነሽ ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ክዳን በሌለው የመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሯል። እኔ ሱሀይላ፣ ኮምቦልቻ በጨርቃ ጨርቅ ሥራ የምተዳደር የሆጤ ልጅ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቄ፣ ፊታቸውን ሳላሳይ፣ ቦዩንና ድምፃቸውን ቀርጬ ፌስቡክ ላይ አወጣሁ። ቪዲዮው እንዲወርድና ይቅርታ እንድጠይቅ ከዚያ ወዲህ ላፈሰሱት ላብ በሕዝብ ፊት ላመሰግንዎት ይገባል፤ ሳያስቡት ብዙ ነገር አስተምረውኛልና።

አንደኛ፣ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ገጼን ሰብሮ ሊገባ ስለሞከረ አመሰግናለሁ። የይለፍ ቃሌ የእናቴ ስም ነበር፤ አሁን እኔም ራሴ በቃሌ የማልይዘው ሆኗል፤ ለመግባት ደግሞ ሁለተኛ ማረጋገጫ ይጠይቃል። ቪዲዮውም በእኔ ስልክ ላይ ብቻ አይደለም፤ የት የት እንዳለ ግን እንኳን ለእርስዎ ለእናቴም አልነገርሁም።

ሁለተኛ፣ «የደሴ አንበሳ» ስለሚባለው አካውንት። ይህ ጀግና የእርስዎ ቢሮ መብራት ሲጠፋ ዝም የሚል፣ ጄኔሬተር ሲነሣ ስድቡን ካቆመበት የሚቀጥል ትጉህ ሰው ነው። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ቆሜ ታክሲ ስጠብቅ ሳላውቅ የተነሣ ፎቶዬን ለጥፎ በየትኛው ሰዓት እንደምሳፈር ለወዳጆቹ አብራራ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ፈርቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የምሳፈርበትን ሰዓት እለዋውጣለሁ፤ የሥራ ባልደረባዬ ሰርካዲስ አብራኝ ትሳፈራለች፤ የሆነ ቦታ ስቀርጽም ከቦታው ርቄ ቤቴ ሳልገባ ምንም አልለጥፍም። ያው አንበሳ «ሙስሊሟ ስለ ክርስቲያኗ አሮጊት ምን አገባት» ብሎም ጽፏል። እማማ ገበያነሽ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉኝ ናቸው፤ ወሎን የማያውቅ ሰው ለወሎ ገጽታ ሲሠራ ማየት ያሳዝናል።

ስድቡን ሁሉ አንድ በአንድ እያነበብሁ እህል አልበላ ያለኝ ሰሞን ነበር። አሁን አስተያየቱን የምታነበው ሰርካዲስ ናት፤ ዛቻውን ስክሪንሾት አድርጋ ታስቀምጣለች፣ ስድቡን ትሰርዛለች፣ ቁም ነገሩን ብቻ ትነግረኛለች። እኔ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ወፈርሽም ተብያለሁ። ለዚህም ምስጋናው ለእርስዎ ነው።

ከሁሉ የበለጠው ውለታዎ ግን ሽማግሌ መላክዎ ነው።

ሐጂ አብዱልወሀብና መምሬ ወልደ ሚካኤል ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ደጃችን ሲቆሙ፣ እናቴ መርየም የመሰላት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሠላሳ ልትደፍን የቀረበች ያላገባች ልጅ ላላት እናት ማለዳ ሽማግሌ ደጅ መጣ ማለት ምን እንደሆነ እርስዎም የአገሩ ሰው ነዎትና አያጡትም። «አልሐምዱሊላህ፣ ግቡ እንጂ» ብላ አዲሱን ምንጣፍ አነጠፈች። እነሱም እንደ ወጉ እሺ ካልተባልን አንቀመጥም አሉ። እናቴ እሺ ከማለቷ በፊት ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቀች። መምሬ አንገታቸውን ደፍተው «ልጅ እንኳ የለም እቴ መርየም፣ ቪዲዮ ነው» አሉ።

የእናቴን ፊት ቢያዩት ኖሮ፣ ክቡር ሆይ፣ ለእርሷ ብቻ ይቅርታ ይጠይቁ ነበር። ስልኩን እንዳመጣ አዘዘችኝ። ሽማግሌዎቹ ከተማዋን የሰደበች ልጅ አለች ተብለው ነው እንጂ የተላኩት፣ ቪዲዮውን አላዩትም ነበር፤ እንደቆሙ አዩት። የእማማ ገበያነሽ ድምፅ «እኔስ አረጀሁ፣ ነገ ግን ሕፃን ይገባበታል» ሲል መምሬ የንስሐ ልጃቸውን ለዩ፤ ዓይናቸውንም በጋቢያቸው ጠረጉ። ሐጂ ደግሞ «ይህ ነው ስድቡ?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ ሁለቱም የተላኩበትን ትተው፣ እናቴን ይቅርታ ጠይቀው ተቀመጡ።

የሽማግሌ ወግ ደግሞ ለላከው ሰው መልስ ማድረስ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማለዳ ደጅዎ ላይ ይቆማሉ። ሰፈሩም አብሯቸው ይመጣል፤ እኔም ሁሉም እንደሚያየኝ በግልጽ እቀርጻለሁ። ምንጣፍ ቢያነጥፉላቸው አይቀመጡም፣ ምሳ ቢያቀርቡላቸው አይቀምሱም፤ ቦዩ እንዲከደን እሺ እስኪሉ ድረስ ይቆማሉ። ሐጂ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው፣ የመምሬም ጉልበት ደካማ ነው፤ እንግዲህ ምን ያህል ሊያቆሟቸው እንደሚደፍሩ ከተማው ያይልዎታል።

ቪዲዮው እዚያው አለ። ይቅርታም አልጠይቅም።

ጤናዎን ይስጥልኝ፣ ወንበርዎም ይመችዎ እያልሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እጅ የምነሣ፣ ቦዩ ሳይከደን አፏን የማትከድን ዜጋዎ፣

ሱሀይላ፣ ከሆጤ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከቅዳሜ በፊት ቦታውን በዓይንዎ ለማየት ቢመጡ እባክዎ በቀን ይምጡ፤ የመንገዱ መብራትም አይሠራም። አያድርገውና ቢወድቁ ግን አይስጉ፤ መጀመሪያ እናነሣዎታለን፣ ከዚያም ፈቃድዎን ጠይቀን፣ ፊትዎን ሳናሳይ እንቀርጽዎታለን።