ደህና ነኝ የሚል በሽተኛ

ሰኞ፣ ማርች 7፣ 1983

ተበላሸ። ሰዒድ በገዛ አፉ አበላሸው።

የአሜሪካ መንግሥት ለአካል ጉዳተኛነቱ የሚከፍለውን ሰው በየጊዜው እየጠራ ያስመረምራል፤ አሁንም መሥራት አትችልም ወይ ይላል። ዘንድሮ ብዙ ሰው ክፍያው እየተቆረጠበት ነው አሉ። የባሌ የሰዒድ ተራ ዛሬ ነበር። ገንዘቡስ ይቅር፣ እኔ እሠራለሁ። ክኒኑን የሚያገኝበት የሕክምና ካርዱ ግን አብሮ ይሄዳል። አገር ቤት ሳለ እስር ቤት ውስጥ ጭንቅላቱን በዱላ ከመቱት ወዲህ ይጥለዋል፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ ምድጃው ላይ ወድቆ ክንዱ ተቃጥሏል። ያለ ክኒኑ አንድ ቀን ይሞትብኛል።

እሱ ምን አደረገ? ተላጨ። የዒዱን ሱፍ ለበሰ። ሐኪሙ ሸበቶ ሽማግሌ ነው፤ ገና ብቅ ሲል ሰዒድ ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው፣ ወንበርም ሳበለት። እንዴት ነህ? ደህና፣ አልሐምዱሊላህ። ትወድቃለህ? አልፎ አልፎ፣ ምንም አይደል። የተቃጠለው ክንዱ እጅጌው ውስጥ ተደብቋል። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ባሌን በሰው ፊት ውሸታም ላድርገው? ያለውን ብቻ ተረጎምኩ። ሐኪሙ ፈገግ እያለ ጻፈ።

ማክሰኞ

አኩርፌዋለሁ። ሻዩን አስቀምጬለት ፊቴን አዞርኩ።

ከላይ ቤት የሚኖሩት እትዬ አስቴር ሆስፒታል ስለሚሠሩ ሄጄ ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁብኝ። "ወይ የኛ ሰው! ሬሳ ሆኖም እንዴት ዋልክ ቢሉት እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚለው።" ከዚያ ኮስተር አሉ። "ፋይሉን የያዘችውን ሴትዮ ኮል አድርጊና አፖይንትመንት ያዢ። ሳይወስኑ ይድረስ። ግን ከራሱ አፍ ይውጣ፣ አንቺ አትናገሪለት።"

ደወልኩ። ሐሙስ አምጪው አለችኝ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ረቡዕ

ላለማምደው ብዬ ከፊቱ ተቀመጥኩ። እንደ ቢሮ ሰው እግሬን አነባብሬ "ታመሃል?" አልኩት።

ደህና ነኝ አለ። ደግሜ ጠየቅሁት። ደህና ነኝ። በሦስተኛው ጮህኩበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ይሄ ኩራትህ ነው የሚገድልህ አልኩት። ዓይኑ ፈጠጠ። የሚጥለው መስሎኝ ትራስ ላመጣ ተነሣሁ።

"ኩራት አይደለም፣ ዘይነብ" አለ። "እዚያ ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍተው 'የታመመ አለ?' ይሉን ነበር። እጃቸውን ያወጡትን ወሰዷቸው። ሐኪም ቤት የሄዱ መስሎን ቀናንባቸው። አንዳቸውም አልተመለሱም።"

ይህን ሲነግረኝ የሚያየው እኔን አይደለም፣ በሩን ነው። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬው ኖሬ አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። ኩራት ማለቴ አንገበገበኝ፤ ከሁሉ በላይ ግን ፈራሁ። ነገ እጅህን አውጣ ብዬ የምወስደው እኔ ነኝ።

ሐሙስ

ከሰፈራችን ከላንድማርክ በአውቶቡስ ሄድን።

ሴትዮዋ ወጣት ናት፣ ፊቷም ክፉ አይደለም። በሩን ስትዘጋው ሰዒድን ላብ አጠመቀው። እባክሽ ክፍት ይሁን አልኳት። ግራ ገባት፣ ቢሆንም ከፈተችው። ከዚያ ጠየቀችው። እሱ በሩን በሩን ያያል። እኔ ምላሴን ነክሼ ቁጭ። ተነሥተን የምንሄድ መሰለኝ።

"አይ አም ሲክ" አለ። እኔን ሳይጠብቅ፣ በራሱ እንግሊዝኛ! እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን አሳያት። መውደቁን፣ ምላሱን መንከሱን፣ ብቻውን መንገድ መሻገር መፍራቱን፣ ሁሉንም ነገራት፤ ሲያቅተው ብቻ እኔ ገባሁ። ፋይሉ ላይ እጨምረዋለሁ፣ ውሳኔውን በፖስታ እንልካለን አለች።

አውቶቡሱ ውስጥ ከደስታዬ የተነሣ አለቀስኩ። እሱ ግን ወደ ኋላ እየዞረ የገባውን ሰው ሁሉ ያያል።

ዓርብ

ምንም አልመጣም። እትዬ አስቴር "ታይም ይወስዳል፣ እኔም በጸሎት አለሁ" ብለውኛል። እኔ ተስፋ አለኝ። ሴትዮዋ ክንዱን ስታይ ፊቷ ሲለወጥ አይቻለሁ።

ከሥራ ስገባ ሰዒድ ካፖርቱን ለብሶ፣ የጫማውን ክር አጥብቆ አስሮ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ምሳውን አልነካውም። ማሞቂያው እየነደደ ነው።

የት ልትሄድ ነው አልኩት። የትም አለኝ። ካፖርቱን ላወልቅለት ስል እጄን ቀስ ብሎ ያዘው።

"ተይው፣ ዘይነብ። ታምሜያለሁ ብያቸዋለሁ እኮ።"