ስለ መቶ ሰማንያ ስድስቱ መኪኖችና ስለ ኡሙሰልማ ቀብር

የካቲት 3 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለደሴ–ኮምቦልቻ ፈጣን አውራ ጎዳና አጥኚ ጊዜያዊ ኮሚቴ ሊቀ መንበር
ባሉበት

ክቡር ጓድ ሊቀ መንበር፣ እንደምን ከርመዋል? የደሴ ብርድ ወገብዎን፣ የኮምቦልቻ ሙቀትም ትዕግሥትዎን እንዳልነካው ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ከግራ ጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በገበሬ ማኅበራችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ ለድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ ከዚህ በፊት በአክብሮት አሽጌ የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች እስካሁን እንዳልተከፈቱ ስለሰማሁ፣ ሥራ የሚበዛበትን እጅዎን ኤንቬሎፕ በመቅደድ እንዳላደክመው ብዬ ነው።

ስሜ ሸረፈዲን ይባላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደሴ ሰኞ ገበያ ጥግ ጠረጴዛ ዘርግቼ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬ፣ ዓይኔ ሲደክም ከሐረጎ ቁልቁለት አጋማሽ ላይ ወዳለችው የትውልድ መንደሬ ተመለስሁ። ስለ ሰው ጉዳይ የጻፍሁት ብዛቱን አላውቀውም፤ ስለ ራሴ ስጽፍ ግን ይኸው አራተኛዬ ነው።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ጥር መግቢያ ላይ አንድ እሑድ ካድሬያችን ሰብስቦ የኮሚቴዎን ጥናት አነበበልን። ታኅሣሥ 14 ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ 186 ተሽከርካሪዎች በመንገዱ ጥበት ምክንያት ተጨናንቀው ቆመው በመገኘታቸው፣ ባለ አራት መስመር ፈጣን አውራ ጎዳና እንዲሠራ፣ ግራ ቀኙም በሽቦ እንዲታጠር፣ መሻገር የሚፈልግ እግረኛ ደሴ መግቢያ ወይም ኮምቦልቻ መግቢያ በሚሠሩት ድልድዮች እንዲጠቀም ሐሳብ መቅረቡን ተረዳን። በስብሰባ ደንብ መሠረትም አጨበጨብን። ከዚያ ወዲህ በሐሳቤ የተመላለሱትን ጥቂት ነጥቦች እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

1ኛ. ማክሰኞ ታኅሣሥ 14 ቀን ባለቤቴ ኡሙሰልማ የተቀበረችበት ዕለት ነው። መንደራችን ከመንገዱ በላይ፣ መቃብራችን ከመንገዱ በታች ስለሆነ ሟች ሁሉ አስፋልቱን ይሻገራል፤ ጀናዛ ሲሻገር ደግሞ መኪና ይቆማል። ቆሞም አይቀር፣ ሹፌሩም ተሳፋሪውም ወርደው ሟቹን አወቁትም አላወቁትም ቃሬዛውን ትከሻ ለትከሻ እየተቀባበሉ እስከ መቃብሩ ይሸኛሉ። ያን ዕለት ከአሰብ ጭነው የመጡት የተሳቢ ሹፌሮች፣ የቢስቲማ አውቶቡስ ተሳፋሪዎች፣ ከኮምቦልቻ ወደ ኩታበር የሚመለሱ ነጋዴዎች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ወርደው ኡሙሰልማን ሸኝተውልኛል። የኮሚቴዎ ቆጣሪ ግን ከጥምዙ ወዲያ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስለነበር የመኪናውን ሰልፍ እንጂ ቃሬዛውን አላየም፤ ባዶ መኪና በየተራ እየቆጠረ መዝገቡን ሞላ። አልፈርድበትም፤ ሰው የማያውቀውን ሰው ለመቅበር መኪናውን አቁሞ ይወርዳል ብሎ መጠርጠር ሌላ አገር ላደገ ሰው ይከብዳል። ሃምሳ እርምጃ ተራምዶ ምን ሆናችሁ ብሎ መጠየቅ ግን ለማንም አይከብድም ነበር። በነገራችን ላይ፣ ባለቤቴ በሕይወት ሳለች አንድ መኪና እንኳ አስቁማ አታውቅም፤ ለገበያ ስትሄድ እጇን ብትዘረጋ ሁሉም አልፏት ይሄድ ነበር። አንድ መቶ ሰማንያ ስድስት አስቁማ በመንግሥት ጥናት ላይ መስፈሯን ብትሰማ ምንኛ በሳቀች!

2ኛ. ባለሙያዎችዎ በጓሮዬ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተክለው እንዳይነቀል አዘውኛል። አልነቀልሁትም። ፍየሌን አስሬበታለሁ፤ ጥናቱ እስካሁን ለአካባቢያችን ያስገኘውን ጥቅም የሚጠይቅ ቢመጣ የማሳየው ይህንኑ ነው። ጠንካራ ችካል ስለሆነ ከልብ አመሰግናለሁ።

3ኛ. አጥሩ ከታጠረ በኋላ የምሞተው እኔ፣ ከቤቴ ፊት ለፊት፣ ድንጋይ ቢወረውሩ የሚደርስበት ቦታ ለመቀበር ዳገቱን ሁሉ ወጥቼ ደሴ መግቢያ በድልድዩ ተሻግሬ፣ ያንኑ ቁልቁለት በወዲያኛው በኩል ተመልሼ መውረድ ይኖርብኛል። በቁሜ ሳለሁ ያጣሁትን ሽርሽር ከሞትሁ በኋላ ስላሰባችሁልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ተሸካሚዎቼ ግን ጎረቤቶቼ ናቸውና ያሳዝኑኛል፤ ጀናዛም ቶሎ ይቀበር ነው ሕጉ።

ክቡር ሊቀ መንበር፣ መንገዱ አይስፋ አላልሁም። ያ ቁልቁለት ፍሬን እንቢ ያለውን መኪና ስንት ጊዜ እንደዋጠው ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በሰባ ሰባት ዓ.ም. እህል ጭነው የደረሱልንም በዚሁ መንገድ ነው፣ ውለታው አለብን። ጥምዞቹ ይቃኑ፣ ጠርዙ ይስፋ፣ ከተቻለም የመኪናው ፍሬን ይመርመር። እኔ የምለው የሰው ደግነት እንደ መንገድ ብልሽት ተቆጥሮ አይጠገን ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እናንተ ደግሞ ስትቸኩሉ ሟችንም ቀባሪንም አንድ ላይ አፍሳችሁ በመኪና መዝገብ ለቀማችሁ።

ከኡሙሰልማ ጎን አንድ ሰው የሚበቃ ቦታ በድንጋይ ከልያለሁ። በየጁምዓው ይህን ጉልበቴን እየጎተትሁ መንገዱን ተሻግሬ እጠይቃታለሁ፤ አርባ አራት ዓመት አብረን ኖረን ከሽቦ ወዲያና ወዲህ መለያየቱን አልችለውም። ስለዚህ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጥሩ የግድ ከሆነ፣ በመንደራችን ትይዩ አራት ሰው ቃሬዛ ተሸክሞ የሚያልፍበት በር ይተውልን። ስፋቱን ለክቼዋለሁ፤ ከአንድ ላንድሮቨር አይበልጥም።

የኮሚቴዎ ዕድሜ እንደ ጥናቱ ይርዘም፣ መኪናዎ በዳገት አይሙት፣ በደረሱበት ሁሉ ጠያቂ አይጡ እያልሁ የምመርቅዎት፣ ምላሽዎን ከሰሌዳው ሥር ከነፍየሌ ቁሜ የምጠባበቅ፣

ታዛዥዎ
ሸረፈዲን
የቀድሞ ማመልከቻ ጸሐፊ፣ የአሁን የችካል ጠባቂ

ማስታወሻ፦ በጥናቱ ላይ አንዲት እርማት አለችኝ። ያን ዕለት ከቆሙት መኪኖች አንዷ የእርስዎ ላንድሮቨር ነበረች። ሹፌርዎ ማረው ወርዶ፣ የመጨረሻዋን ቁልቁለት ቃሬዛውን በትከሻው ይዞ ወርዶ፣ አፈር አልብሶ፣ እጄን ስሞ ተመልሷል፤ አላህ ይስጠው። እርስዎ ግን መስታወቱን ዘግተው ሰዓትዎን ሲያዩ እንደነበር ከመቃብር ስንመለስ በአጠገብዎ ያለፍን ሁሉ አይተናል። እንግዲህ በዚያ ሁለት ሰዓት ውስጥ መንገድ የተዘጋበት መንገደኛ አንድ ብቻ ነበር፤ ለአንድ ሰው ደግሞ አራት መስመር ይበዛል።