ፊያቷ ወልድያ ደረሰች

መርሳ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድዎትና ለምሳሳልዎት አባቴ፣

የዓይንዎ ሕክምና እንዴት ሆነልዎት? ወንድሜ መልካሙ ይህን ሲያነብልዎት እንዳይቸኩል ይንገሩት። እኔ ግን ረጋ ብዬ መጻፍ አልቻልኩም። አባብዬ፣ ፊያትዎ ተነሳች! ጓሮ ቆማ ሣር የበቀለባት፣ የኋላ በሯ በገመድ የሚታሰረው ያቺው ፊያት ትናንት ወልድያ ደርሳ ተመለሰች!

በስልክ የጠየቁኝን አልረሳሁም። "መለዋወጫ ከየት ታገኛለሽ?" ብለው ነበር። ካርቡራተሩን ሜካኒኩ ኤርሚያስ ፈታትቶ በቤንዚን አጠበው። ለሞተሯ እሳት የሚሰጠው ፑንቲና ወልድያ ጠፍቶ ደሴ ከቆመች ሌላ ፊያት ላይ ተፈቶ መጣ። "ዝገቱስ?" ላሉት፣ ከሾፌሩ እግር ሥር ወለሉ ተበልቶ አስፋልቱ ይታይ ነበር፤ ላሜራ በየድንበት። "ዳገት ላይ አትሞቅም?" ላሉት ግን መልሱን የሰጠችው ራሷ ናት።

ትናንት ጠዋት ጎረቤታችን ሲሳይ እየሮጠ መጣ። ሚስቱ አለሚቱ ምጥ ጠንቶባት ጤና ጣቢያ ናት። "ቶሎ ወልድያ ሆስፒታል ትሂድ" ተብሏል፤ አምቡላንሱ ደግሞ ሌላ ወላድ ይዞ ሄዷል።

"ቃልኪዳን፣ መኪናሽ ትሄዳለች?"

"እስከ ገበያው ብቻ ነው የሞከርኳት።"

"በማርያም ይዤሻለሁ!"

አለሚቱን ከጤና ጣቢያው አንስተን ከኋላ አስተኛናት፣ አዋላጇ አጠገቧ ተጣበቀች። ሲሪንቃን አለፍ እንዳልን የሙቀት መለኪያው ሽቅብ ወጣ። በቃ፣ ልትቆም ነው አልኩ። ያን ጊዜ የእርስዎ ድምፅ መጣልኝ፤ "ስትግል ማሞቂያውን ክፈቺላት፣ ትተነፍሳለች" ይሉ አልነበር? ከፈትኩት። ውስጡ ምድጃ ሆነ።

"ኧረ ምን እያደረግሽ ነው!" ሲሳይ ጮኸ።

መለኪያው ግን ወረደ! አባብዬ፣ ወረደ!

ወልድያ ስንገባ ጥሩምባዬን አላቋርጥ ስል ባጃጆቹ መንገድ ለቀቁልን። አለሚቱ ሆስፒታል ገብታ ብዙም ሳትቆይ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። የሕፃኗን ለቅሶ ከውጭ ሆኜ ሰማሁት። ኮፈኑ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ብረቱ አቃጠለኝ፣ ማን ግድ ሰጥቶት!

"ለቆራሌው ስጫት፣ ከእንግዲህ ለእኔ ምን ታደርግልኛለች" ያሉኝን አልሰማሁዎትም፤ ይቅር ይበሉኝ። መልካሙ ሐኪሙ ያለውን አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።

የሾፌሩን ወንበር ለእግሬ እንዲመች ወደፊት ስቤዋለሁ። የጎኑን ደግሞ አዲስ ጨርቅ አልብሼዋለሁ፤ የእርስዎ ነው። ሲመጡ ከመናኸሪያው እኔው እቀበልዎታለሁ። የሞተሩን ድምፅ እየሰሙ ማርሽ መቼ እንደምቀይር ይነግሩኛል፤ እኔ ደግሞ በመስኮቱ የሚያልፈውን ሁሉ እነግርዎታለሁ።

እመብርሃን እርስዎን ታቆይልኝ። ጉልበትዎን ስሜያለሁ።

ልጅዎ ቃልኪዳን ወርቁ