ኪሱ የተሰፋ ጋውን

ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» እያለ የሚጠራቸው ታላቅ እኅታችን ከግንበኛ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ይህ የሕይወት ታሪክ በስንብታቸው ዕለት ሳይቀነስ እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። ታናሽ ወንድማቸው ጥቂት መስመር ልዝለል ብሎ ቢለማመጣቸው፣ የምታፍርብኝ ከሆነ ሌላ ጸሐፊ እፈልጋለሁ ብለው አሳፈሩት።

በልጅነታቸው ደም ማየት አይወዱም ነበር። ወንድማቸውን ሲነስረው አይተው ከሱ ቀድመው የወደቁት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ነርስ ልሆን ነው ባሉ ጊዜ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ግን አንዴ ካሉ አሉ ነው። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሰው የነርሶች ትምህርት ቤት ገቡ፤ በማዕረግ ተመርቀውም በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ዋርድ ተመደቡ። የዋርዱን መብራት ሊጠግኑ ከመጡ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ።

ከባድ ታማሚ ሲያነሡ ወገባቸው ተጎድቶ በማስታገሻ መርፌ ታከሙ። ወገባቸው ዳነ፤ መርፌው ግን አልለቀቃቸውም። ዙሪያ ጥምጥም ሳንሄድ እንናገረው፤ ሱሰኛ ሆኑ። በዋርዱ ደንብ ከታማሚ የተረፈ ማስታገሻ ሁለት ነርሶች እያዩት ይደፋል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። ሲስተር ትርፉን ኪሳቸው መክተት ጀመሩ፤ ባልደረቦቻቸውም አምነዋቸው ሳያዩ ፈረሙላቸው። ትርፉ አልበቃ ሲል ደግሞ ከቀዶ ሕክምና የወጡ አንድ አዛውንትን በመድኃኒቱ ፈንታ ውሃ ወጓቸው። የአዛውንቱ ማቃሰት አላቆም ሲል የዋርዱ ኃላፊ ነቁ። ኃላፊዋ የትምህርት ቤት ጓደኛቸው ነበሩ፤ ያም ሆኖ ሸሽገው አላለፏቸውም። ሲስተር የሥራ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። አዛውንቱን ይቅርታ ሊጠይቁ ቤታቸው ቢሄዱ በሩ አልተከፈተላቸውም። ይህንንም ጻፉት ብለዋል።

ቤተሰቡ እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ሆነ። ገና ትንሽ የነበረችው ልጃቸው እናቷ እንዳያገኙት ብላ የራስ ምታት ክኒን ሳይቀር በቦርሳዋ ይዛ ትምህርት ቤት መሄድ ጀመረች። ሲስተር ማገገሚያ ገቡ፣ ወጥተው ወደቁ፣ እንደገና ገቡ። ሁለተኛው ያዘላቸው።

የሥራ ፈቃዳቸው በገደብ ተመልሶላቸው ወደዚያው ዋርድ ሲመለሱ የመድኃኒት ቁልፍ እንዳይዙ፣ ማስታገሻ እንዳይሰጡ፣ በተጠሩ ጊዜ ሁሉ ሽንታቸው እንዲመረመር ተወሰነ። ድርሻቸው አንሶላ መለወጥና ቁስል ማጠብ ሆነ። እሳቸው ብቅ ሲሉ ቦርሳውን ወደ ራሱ የሚስብ፣ ወሬውን የሚቆርጥ ብዙ ነበር። ዛሬ እዚህ መካከላችን አለ፤ እሳቸው አልተቀየሙም፣ እኛም እንሞክራለን። ሲስተር የእናታቸውን መርፌና ክር አንሥተው የጋውናቸውን ኪሶች ሁሉ ሰፍተው ዘጉ። መቀስ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ እስክሪብቶ ጸጉራቸው ውስጥ ሰክተው ይዞሩ ጀመር። ወጣቶቹ ነርሶች ሲስቁባቸው አብረው ሳቁ።

አንድ ቀን አውቶቡስ ተገልብጦ ዋርዱ በቁስለኛ ተጨናነቀ። የሲስተር ጋውን በደም ስለራሰ ከመስቀያው ያገኙትን የሌላ ሰው ጋውን ለበሱ። በዚያ ግርግር አንድ ሐኪም ማስታገሻ የተረፈበትን መርፌ ክዳኑን ገጥሞ አቀበላቸውና ወደ ሌላ ቁስለኛ ሮጠ። የሚደማ ሰው ከፊታቸው ነበር፤ ሁለቱም እጃቸው ተፈለገ። መርፌውን ኪሳቸው ከተቱት፣ ረሱትም። ያገኙት ልብስ ሲቀይሩ ነው፤ ብቻቸውን፣ በሩ ተዘግቶ።

መድኃኒቱን ፈለጉት፤ ይህንንም አልደበቁንም። ቢደፉት ምስክር የለም፣ ይዘውት ቢወጡ ሌባዋ ተያዘች ይባላል። በሩን በክርናቸው ከፈቱና መርፌውን በተዘረጋ መዳፋቸው ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙ። ከዚያ ኃላፊዋን በስማቸው ተጣሩ። ሠራተኛው ተሰበሰበባቸው። ኃላፊዋ መጥተው አዩ፤ የምርመራው ውጤት እስኪመጣ እንደማያምኗቸውም በሰው ፊት ነገሯቸው።

«ግድ የለም፣ እንዳታምኚኝ» አሉ ሲስተር። «ብቻ አጠገቤ ቁጭ በይ።»

ኃላፊዋ ተቀመጡ። ውጤቱ እስኪመጣም ከአጠገባቸው አልተነሡም። ምርመራው ንጹሕ ሆነ፤ ሐኪሙም መርፌውን የሰጠው እሱ መሆኑን መሰከረ።

ከዓመታት በኋላ ቁልፉ ተመለሰላቸው። በጡረታ እስኪሰናበቱም ከሱስ ለሚመለሱ ባልደረቦች መካሪ ነበሩ። ሁሉም አመናቸው፣ ከአንድ ሰው በቀር። ልጃቸው አድጋ መምህርት ሆናም እናቷ ቤት ስታድር ክኒኗን ትራሷ ሥር ታደርግ ነበር። ሲስተር አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ፤ መብቷ ነው ይላሉ። ግን አንጀታቸውን ይበላቸው ነበር።

ካንሰር አጥንታቸው ውስጥ በገባ ጊዜ ሐኪማቸው ያንኑ ማስታገሻ፣ በሚጠጣ መልኩ አዘዙላቸው። ከሕመሙ ይልቅ የድሮውን ፈርተው እምቢ አሉ። በስንት ልመና፣ ልጃቸው ራሷ እየለካች ልትሰጣቸው ተስማሙ። እሷም ጠርሙሱን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ከእጇ አትለይም ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ወደ ገበያ ስትወጣ ጠርሙሱን ራስጌያቸው ትታላቸው ሄደች። ስትመለስ እያለቀሱ አገኘቻቸው፤ ሕመሙ የበረታባቸው መስሏት ደነገጠች።

«አልነካሁትም፣ አሞኝም አይደለም» አሏት። «ትተሽልኝ ስለሄድሽ ነው። ረስተሽው ነው?»

«እያወቅሁ ነው የተውሁት፣ እማዬ።»

ሲስተር ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ ልጃቸው እጃቸውን እንደያዘች ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጃቸው፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውና ወንድማቸው በሕይወት አሉ፤ ከፊት ወንበር ከቤተሰቡ ጋር የተቀመጡት የቀድሞ ኃላፊያቸውም እኅታችን ናቸው። ለሁላችንም መጽናናቱን ይስጠን። እኛ እሳቸውን ለማመን ስንት ምስክር ጠየቅን፤ አምላክ ነፍሳቸውን ያለ ምስክር ይቀበልልን።