ባለ አረንጓዴ ክዳኗ ድስት

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ዛሬም በግራ እጅ። ፊደሌ እንደ ሰካራም ቢንገዳገድ አትፍረድብኝ፣ ደብተሬ። ቀኜ ጄሶ ውስጥ ነው። ሐኪሙ ጣቶችህን አንቀሳቅስ፣ መሰላል እንዳትወጣ ብሎኛል። መሰላሉንስ ማን ሊያሳየኝ! ከወደቅኩ ወዲህ እማዬ ጓሮ ወስዳ በገመድ አስራዋለች፣ እንደ ተዋጊ በሬ።

ሥራ የለም። ስለዚህ እዞራለሁ። ከነቀምት አሮጌው ቤተ መንግሥት በታች ያለውን ቁልቁለት፣ ቤት በቤት። ስንት ዓመት ማስታወቂያ ስጽፍበት የኖርኩትን ሰፈር ለካ አይቼው አላውቅም። ሁልጊዜ አፍንጫዬ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ምን ልይ?

አሁን መንገድ ማዶ ቆሜ አያለሁ። ፀጉር ቤቱ ላይ የተሣሉት ሦስት ጎረምሶች ቁርጣቸው ካለፈበት ቆይቷል፤ የነገራቸው የለም፣ እንደኮሩ ናቸው። ጁስ ቤቱ ላይ ያለው አቮካዶ አምፖል ይመስላል። (የኔ ሥራ ነው። ዝም በል።) ሥጋ ቤቱ ላይ ያለው በሬ ይስቃል። ሊታረድ ነው፣ ይስቃል! የኦቦ ነገራ እጅ ነው። ብሩሽ አያያዝ ያስተማረኝ ሰው፤ አፈሩ ይቅለለው። የሣለው እንስሳ ሁሉ ፈገግ ይላል። ለምን ብዬ ስጠይቀው፣ እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው ይል ነበር።

ማረፊያዬ የኦቦ ነገራ ሚስት ጋ፣ አዴ ቦንቱ ምግብ ቤት። ገና ከሩቅ ስታየኝ አንጮቴውን፣ ያንን የወለጋ ሥራ ሥር፣ ታቀርባለች። ለተሰበረ አጥንት ከሱ የሚበልጥ የለም ይላሉ ወለጋዎች። ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ተወቅጦ፣ በቅመም ቅቤ ራሰ ሲባል... ሐኪሙ ይህን ቢያውቅ ጄሶውን ይጥል ነበር።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

ስለ ድስቷ እስከ ዛሬ አልጻፍኩልህም። ጥፋት ነው።

አ.ቦ (ከዛሬ ጀምሮ እንዲህ እላታለሁ፤ ግራ እጅ ረጅም ስም አይችልም) ጴንጤ ናት። ቤቷ ሥጋ ይሠራል። እኛ ሙስሊሞች ደግሞ የክርስቲያን ሥጋ አንበላም፤ ሥጋው የተሠራበትንም ድስት እንሸሻለን። ድሮ በገበያ ቀን ከጉትንና ከኪራሙ በኩል የሚመጡ ወሎዬዎች ደጇ ላይ ቆመው ሽታውን ብቻ አሽትተው ይሄዳሉ። አ.ቦ አላስቻላትም። ሰው ደጄ ላይ ተርቦ ሲያልፍ እያየሁ እኔ እንዴት ይዋጥልኛል አለች። አንድ አዲስ የሸክላ ድስት ገዛች። ሥጋ ነክቷት አያውቅም፤ አንጮቴ ብቻ። ማማሰያዋም ለብቻዋ፣ ሳህኖቿም ለብቻ። ኦቦ ነገራ ከሌሎቹ እንዳትቀላቀል ክዳኗን አረንጓዴ ቀባላት። አላረፈም፤ ደጅ ወጥቶ ያችኑ ድስት ግድግዳው ላይ ሣላት፣ ጥጃ የምታክል። አንድ ፊደል የለባትም። ማንበብ የማይችለውም ያያታል፣ ያውቃታል፣ ይገባል። የኛ ሰው ነቀምት ሲመጣ የት ልብላ ብሎ አይጠይቅም፤ ድስቷን ይፈልጋል።

እማዬና እኔም ጊዜው ሲከፋ ከኪራሙ ወርደን እዚህ ስንደርስ መጀመሪያ የተቀመጥነው እዚያ ግድግዳ ሥር ነው።

ማታ እማዬን ስለ አንጮቴ አስወራኋት። ገና ከወሎ በሰፈራ የመጡ ሰሞን፣ እኔ ጀርባዋ ላይ፣ ጎረቤቶቹ አንጮቴ ሰጧት። እንደ ድንች መስሏት በጥሬው ላጠችውና ቀቀለች። መረረ። ረኀብ ሸሽተን መጥተን ሥሩ ሁሉ መራራ የሆነ አገር ገባን ብላ አለቀሰች። ጎረቤቷ ሮጣ መጥታ ድስቱን አየች፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ አንጮቴ ከነልጣጩ ተቀቅሎ ነው የሚላጠው ለካ። ከዚያ ወዲህ እማዬ ሰው ሲቸኩል ባየች ቁጥር፣ ሳይበስል አትላጠው ትላለች። አርባ ዓመት ሙሉ እኔን ስትል።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

በቀኝ እጄ ነው! ጄሶው ተፈታ። ክንዴ እንደ ተላጠ ሸንኮራ ቀጥኗል፣ ይንቀጠቀጣል። ግን የኔ ነው።

ከሐኪም ቤት ቀጥታ አ.ቦ ጋ። ኮቱ፣ ኢልማ ኮ፣ ና ልጄ፣ ብላ ልጇን እንደምትጠራ ጠራችኝና ዘነዘና አስያዘችኝ። አንጮቴ ወቀጥኩ። እያላበኝ። ደንበኛው ሁሉ እያየኝ ይስቃል። ስጨርስ እጄን ገለባብጣ አየችው፤ ይሄ እጅ የኔ ነው፣ ሐኪሙ አሰረው እንጂ የሠራሁት እኔ ነኝ አለች። ማን ይከራከራታል።

እዚያው እንዳለሁ ሥራ መጣ፣ ደብተሬ! ላሊሴ የምትባል ኢንጂነር፣ የመንገድ ማስፋፊያው ኃላፊ፣ የዚሁ የነቀምት ልጅ። መንገዱ ይሰፋል፣ የእግረኛ ንጣፍ ይነጠፋል፣ መብራት ይቆማል። ቁልቁለቱ በሙሉ ፊቱን ይቀባል። ቀቢው እኔ እንድሆን ትፈልጋለች። ማተሚያ ማሽኑ መጥቶ ሰው ሁሉ ባነር ካሳተመ ወዲህ እንዲህ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። እሺ አልኩ። ምን ዓይነት ቀለም ብዬ ሳልጠይቅ።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ግራጫ።

ከላይ እስከ ታች ግራጫ። ከመንገድ የሚታይ ግንብ ሁሉ፤ ሥዕል የለም፣ ጽሑፍ የለም፤ የቤቱ ስም በትንሽ ነጭ ሰሌዳ ብቻ። ከዚህ ከወጣሁ ውሉ ይቋረጣል። እንዲህ ያለ ቀለም የፈጠረው ሰው ምን ሆኖ ነው? የተጣላው ሰው ነበረ?

እማዬ ጋ ገብቼ ጮኽኩ። አልሠራም፣ ይቅርብኝ አልኩ። አብሽር ልጄ፣ ሳይበስል አትላጠው አለች። መሰላሉን ራሷ ፈታችው።

ስለዚህ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። እያንዳንዱን ግድግዳ ከመቀባቴ በፊት አንተ ላይ እገለብጠዋለሁ። ዛሬ ጎረምሶቹን። አቮካዶዋንም (አሁንም አምፖል ናት)። ከልብስ ሰፊው ቤት ላይ ደግሞ ያቺን ክር የሚሄድባት አሮጌ ሲንጀር። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ መስመሩ ይጎብጣል። ይሁን።

መንገዱ ግን ያምራል። መዋሸት አልችልም። ዝናብ በመጣ ቁጥር ጭቃ ውስጥ የምትሰምጠው የሻይ ቤቷ ባለቤት ዛሬ ንጣፉ ላይ ወንበር አውጥታ ንግሥት መስላ ተቀምጣለች። በነጻ ሻይ ሰጠችኝ።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ሁለቱም ረድፍ አለቀ። በሬውን ትናንት ሸኘሁት፤ ግራጫው ዓይኑን እስኪሸፍነው ድረስ ይስቅ ነበር። የቀረው አንድ ግንብ ነው። አውቄ ነው ያቆየሁት። አንተም ታውቃለህ።

ላሊሴን ለመንኳት። ይህቺ ድስት ማስታወቂያ አይደለችም፣ ምልክት ናት፤ ሰው የሚበላባት ናት አልኩ። አዳመጠች፤ ክፉ ልጅ አይደለችም። እኔም ልጅ ሆኜ አረንጓዴ የሚባል ቀለም ያወቅኩት በዚህች ድስት ነው አለች። ግን አንዱን ብተው ሥጋ ቤቱ በሬውን ይጠይቀኛል፣ ፀጉር ቤቱም ይጠይቀኛል፤ ለነሱ ምን እላለሁ አለችኝ። እውነቷን ስለሆነ ደግሞ ይበልጥ ተናደድኩ።

ብሩሼን እንደያዝኩ አ.ቦ ፊት ቆምኩ። ባሏ የሣለውን፣ እሷ ባዳነችው እጅ ልቀባው። ምኑን ልበላት? እሷ ግን ቀደመችኝ። ድስቷ ያለችው እሳት ላይ ነው፣ ግድግዳ ላይ አይደለችም፣ ቅባ አለች። ከዚያ ገብታ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ተቀመጠች። እንዲህ ስትቀመጥ አይቻት አላውቅም።

አልቀባሁም። ቅዳሜ ነው ብዬ ሄድኩ።

ኅዳር 23፣ ሰኞ

ቀባሁ።

አንዴ ቀባሁ፣ አረንጓዴው ከሥር ወጣ። ደገምኩ፣ ወጣ። ኦቦ ነገራ የዘይት ቀለሙን አልቆጠበም ነበር። ሠለስኩ። ጠፋች።

አ.ቦ አንጮቴ አቀረበችልኝ። እንደወትሮው፣ ከድስቷ። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ አልኳት። ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ አደረግኩት። ጅብ ያባረረው አህያ መሰልክ፣ ብላ አለች። በላሁ።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን

ዛሬ የሆነውን ልንገርህ።

ላይኛው በኩል ሰሌዳ እየሰቀልኩ መሰላል ላይ ነኝ። አንድ ነጭ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ሚስታቸውን ደግፈው ይወርዳሉ። ሴትዮዋ ሕመምተኛ ናቸው፤ የሆስፒታል ፌስታል ይዘዋል። ሽማግሌው እያንዳንዱን ግንብ ያያሉ። ያልፋሉ። ይመለሳሉ። እንደገና ያልፋሉ። ከአ.ቦ በር ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አዩ፤ ሥጋ የሚበሉ ሰዎች አዩ፣ ፈቀቅ አሉ። ከዚያ ከኪዮስክ ብስኩት ገዝተው ንጣፉ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። በዚያ በሚያምረው ንጣፍ ላይ። ሴትዮዋ ብስኩቱን መዋጥ አቃታቸው።

እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ሰላም ብዬ ምን ፈልገው ነው አልኳቸው። ሽማግሌው በወሎ አማርኛ፣ በእማዬ አነጋገር መለሱልኝ፤ "እዚህ ባለ አረንጓዴ ክዳን ድስት ያላት ሴትዮ ነበረች፤ የት ሄደች ልጄ? ሞተች እንዴ?"

አልሞተችም አልኩ። ይዣቸው ገባሁ። አ.ቦ ስታያቸው ክዳኗን ብድግ አድርጋ ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው፣ እንደ ምስክር። ሴትዮዋ በሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው። ሽማግሌው ምርቃት አልጨርስ አሉ። እሳቸው ሲመርቁ እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ከሄዱ በኋላ አ.ቦ ስንቱ አልፎ ይሆን አለች። ለኔ አልነበረም ያለችው። ለማንም አልነበረም።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

እንቅልፍ የለም። ላሊሴ ልክ ናት። አ.ቦም ልክ ናት። ሽማግሌውም ልክ ናቸው። እንግዲህ ያጠፋው ማነው?

ማዶ ቆሜ ግንቡን ሳየው ዋልኩ። ጄሶ ታስሮልኝ እንደነበረው ሰሞን። ግንብ ግራጫ፣ ሰሌዳ ነጭ፣ በር... በሩ ባለ ሁለት ተካፋች እንጨት ነው። አ.ቦ ጠዋት ወደ ውጭ ገፍታ ትከፍታቸዋለች፤ ግራና ቀኝ ግንቡ ላይ ይለጠፋሉ። ቀን ሙሉ መንገዱን የሚያየው የበሩ ውስጠኛ ፊት ነው። እሱን ማንም ቀባ አላለኝም። ውሉ የሚለው ግንብ ነው!

ለእማዬ ነገርኳት። አሁን በስሏል፣ ላጠው አለች።

ኅዳር 29፣ እሑድ

አ.ቦ ቤተ ክርስቲያን ናት። ቀለሜንና መሰላሌን እዚያ ስለማሳድር ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ተካፋቾቹን አጠብኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩ፣ ስንጥቁን በስቱኮ ደፈንኩ። በኖራ ክር መስመር መታሁ። የድስቷን ሆድ ግራ ተካፋች ላይ ጀመርኩ። መስመሩ መሐል ላይ ጎበጠ። በአኳራጅ፣ በቀለም ማቅጠኛው፣ አጥፍቼ ደገምኩ፣ ጎበጠ። ተውኩት። ክዳኑን አረንጓዴ ሞላሁ። ስጨርስ ራቅ ብዬ አየሁ።

ትስቃለች። ድስቷ በዚያ ጎባጣ መስመር ትስቃለች ደብተሬ! ወላሂ እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው።

ኅዳር 30፣ ሰኞ፣ ጠዋት

እዚሁ አ.ቦ ቤት፣ ጥግ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነኝ።

ቀድሜያት መጥቼ ማዶ ቆምኩ። ከፈተች። ተካፋቾቹን ገፍታ ለጠፈች፣ መጥረጊያዋን አነሳች፣ ጠረገች። አላየችም! ሁለተኛ ስትጠርግ ቀና አለች። መጥረጊያው ወደቀ። እጇን ክዳኑ ላይ አደረገች፣ ጎባጣው መስመር ላይ አስኬደችው። "ነገራ" አለች፣ የባሏን ስም፣ አንዴ ብቻ። ከዚያ ዞራ እኔን ፈለገችኝ። አለቀስኩ፤ ምን ልደብቅህ።

አሁን ሁለት የጉትን ሰዎች ሳይጠይቁ ገብተው እየበሉ ነው። እማዬም መጥታለች፤ አንጮቴ ልላጥ ብላ ከአ.ቦ ጋር ትጨቃጨቃለች።

ላሊሴ ከላይ እየወረደች ነው። የራስ ቁሯን አያታለሁ። ግንብ ግንቡን እያየች ነው የምትመጣው። አሁን ፀጉር ቤቱ ጋ ናት። ውሌ በዚህ በር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ተካፋቾቹን ዘግቼ ባዶውን የውጭ ፊት ላሳያት ብዬ ተነሳሁ። አ.ቦ ቅቤ የነካ እጇን ደረቴ ላይ አድርጋ መለሰችኝ። ቁጭ በል፣ በሩ ይከፈት፣ እሷም ቁርስ አልበላች ይሆናል አለች።

ደርሳለች። ቆማለች። ድስቷን እያየች ነው። ፈገግ አለች፤ የራስ ቁሯን አውልቃ ገባች።