የልጄ እግር ሴሚስተር አያውቅም

ለክቡር ዶክተር ዳኛው ምንዳዬ
በንጋት ፋና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ የማኅበረሰብ አገልግሎት ትምህርት አስተባባሪ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣ በቅድሚያ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ለጉልበትዎ ብርታት እመኛለሁ፤ የቢሮዎ ደረጃ ምን ያህል እንደሚያደክም ልጄን አዝዬ ስለወጣሁት አውቃለሁ።

እኔ አስማረ ቢያዝን፣ በኮላ ድባ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ልጄ ጽጌሬዳ ከማጅራት ገትር ከዳነች ወዲህ እግሯ አልታዘዝ ብሏት ተቀምጣ የምትውል የሰባት ዓመት ልጅ ናት። አምና ኮሌጅዎ ተማሪዎቹን «በክፍል የተማራችሁትን ሕዝብ መሐል ገብታችሁ ሥሩበት» ብሎ ወደ ከተማችን ስለላከ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ኤሌኒ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ተማሪ በየሳምንቱ እየመጣች የልጄን ጉልበት እያሸችና እያፍታታች፣ ግቢያችን ውስጥ ባጋደመችው የባሕር ዛፍ አጣና እያስደገፈች ስታቆማት ከረመች። አንድ ቅዳሜ ጽጌሬዳ አጣናውን ለቃ ወደ እናቷ ተራመደች። ባለቤቴ አማረች እንዳቀፈቻት መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ብዙ ቆይተው ነው የተነሡት።

በሚቀጥለው ሳምንት ማንም አልመጣም። ስለዚህም ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ፦

፩. ውጤት ገብቶ ኮርሱ መዘጋቱን ለልጄ እግር የነገረው ባለመኖሩ፣ መሻሉን ሊቀጥል ሞክሮ ነበር። ስለ ድፍረቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪. ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ «የዘንድሮዎቹ ዛሪማ ተመድበዋል፤ ኮላ ድባ ተጠናቋል» ብለው አስረድተውኛል። የከተማችንን መጠናቀቅ ከእርስዎ አንደበት በመስማቴ ኮርቻለሁ። «ልጄስ?» ብዬ ስጠይቅ ደግሞ «ለሪፖርቱ የሚበቃ ለውጥ አሳይታለች» አሉኝ።

፫. ኤሌኒ በራሷ ጊዜ ልትመጣ ብትነሣ «ያለ መምህር ክትትል ታካሚ መንካት ያስቀጣል» ተባለች። ይህን በስልክ ስትነግረኝ አለቀሰች፤ ያጽናናኋት እኔ ነኝ። ደንቡ ልክ ነው፤ የሚከታተላትን መምህር አብሮ መላክ በየትኛው ደንብ እንደተከለከለ ግን አልገባኝም።

አሁን የልጄ ጉልበት እንደታጠፈ እየደረቀ ነው። ያየናት ሐኪም በየጊዜው ካልተሠራበት እንደማይዘረጋ ነግሮናል። እኔ ላፍታታው ስሞክር ታለቅሳለች፤ እጄ ይፈራል፣ እተወዋለሁ። ከዚህ በላይ በጨዋ ቋንቋ መጻፍ አልቻልኩም። ክቡር ሆይ፣ አንድ ሰው ይላኩልኝ። የሚመጣው ለነጥብ ከሆነም እኔ መምህር ነኝ፤ የፈለገውን ያህል እሰጠዋለሁ።

«ማኅበረሰብ» ተብለው ከተገለገሉት አንዱ በመሆኔ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣
አስማረ ቢያዝን
ኮላ ድባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በኮሌጅዎ መግቢያ ከተሰቀለው ትልቅ ሸራ ላይ ቆማ የምትስቀው ልጅ ጽጌሬዳ ናት። እባክዎ ሸራውን አያውርዱብን፤ ቆማ የምትታየው እዚያ ብቻ ነው።